ጎታች ፒክአፕ ልትገዙ ነው? «ሞተሩ ቆንጆ ነው» መባሉ እንዳይሸውዳችሁ

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይችን አንብቧት። በተለይ ጀልባ፣ ማሽን ወይም ከብት የጫነ ተጎታች ለመሳብ አስባችሁ የቆየ የአሜሪካ ፒክአፕ እያያችሁ ከሆነ። የማወራው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ስለተሠሩት ነው። ዋጋቸው የሚቀመስ ነው፣ ሞተራቸው እሳት የላሰ ነው፣ ቁመናቸውም ዓይን ይስባል። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ሻጮች የሚያወሩት ስለ ሞተር ብቻ ነው። ስንት ሲሊንደር እንደሆነ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ ዳገቱን እንዴት እንደሚሸመጥጠው ይነግሯችኋል። ካምቢዮው ላይ ሲደርሱ «አውቶማቲክ ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔ የምላችሁ ግን ይሄን ነው፦ የቆየ መኪና ከፋብሪካ ከወጣበት አውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ለመጎተት ስትገዙ፣ የምትገዙት ካምቢዮውን ነው። ሞተሩ ምርቃት ነው።

ለምን? የካምቢዮው ጠላት ሙቀት ስለሆነ። በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ድቡልቡል ዕቃ አለ። ጉልበት የሚያስተላልፈው በዘይት ነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ወይም ዳገት ሲከብደው የሞተሩ ወገን ከካምቢዮው ወገን ፈጥኖ ይሽከረከራል። በመሃል የሚባክነው ጉልበት ዘይቱን ያሞቀዋል። ፍጥነት ሲመጣ በውስጡ ያለ ፍሪሲዮን ሁለቱን ወገን ጥርቅም አድርጎ ያስራቸዋል። ሎክአፕ ይሉታል። ያኔ ሙቀቱ ይረግባል። ከኋላ ተጎታች ሲኖር ግን ዳገት ሲመጣ ይፈታል፣ ሜዳ ሲመጣ ያስራል፣ ደግሞ ይፈታል። ማርሹም እንደዚያው፤ አራተኛ ገባ ሲባል ወደ ሦስተኛ ይመለሳል። ዘይቱ በዚህ መሃል ይጋላል።

ባዶውን ሲነዳ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። ደህና ነው። መካኒኮች የሚሠሩበት ግምት አለ፦ ከዚያ በላይ በየ11 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። 115 ገደማ ሲደርስ እንደ ቫርኒሽ መለጠፍ ይጀምራል። 130 አካባቢ ላስቲክ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ። ማሸጊያ ሲደርቅ የዘይት ግፊት ይወርዳል። ግፊት ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ደግሞ ይብስ ይሞቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው። የሚያናድደው፣ ብዙዎቹ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የካምቢዮ ሙቀት መለኪያ የላቸውም። ሹፌሩ የሚያየው የሞተሩን ውሃ ነው። እሱ «ሰላም ነው» ይላል፣ ከስር ካምቢዮው ይቃጠላል።

ካምቢዮ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። መኪናው ከውጭ አንድ መስሎ ውስጡ ያለው ሊለያይ ይችላል።

የጄነራል ሞተርስን እንውሰድ። በቀላሎቹ ሼቭሮሌና ጂኤምሲ ፒክአፖች ላይ በብዛት የምታገኙት 4ኤል60ኢ የሚባለውን ካምቢዮ ነው። ዘሩ በ1982 ከወጣው 700አር4 ይመዘዛል። ባዶ ለሚነዳ ሰው ክፉ ካምቢዮ አይደለም። ከባድ ነገር ስታስጎትቱት ግን ሦስተኛና አራተኛን የሚይዘው ፍሪሲዮን ቶሎ ይቃጠላል። ሰን ሼል የሚባል ስስ የብረት ዕቃም አለው፣ እሱ ይሰበራል። ሲሰበር ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አንደኛና ሦስተኛ ይሠራሉ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ ጭራሽ የሉም። 4ኤል80ኢ ግን ሌላ ፍጡር ነው። በ1991 የወጣ፣ ከድሮው ጠንካራ ቱርቦ 400 የተወለደ። ለመጎተት የምትፈልጉት እሱን ነው። መለየቱ አይከብድም። የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ የተለጠፈውን የኮድ ወረቀት እዩ። ኤም30 ካለ ትንሹ ነው፣ ኤምቲ1 ካለ ትልቁ። ወረቀቱ ከተላጠ ከስር ገብታችሁ የካምቢዮውን የዘይት ኮፓ ብሎኖች ቁጠሩ። 16 ከሆነ 60ው ነው፣ 17 ከሆነ 80ው። ሻጩ «ያው ነው፣ ልዩነት የለውም» ቢላችሁ እንዳትሰሙት።

የዶጁ ነገር ያሳዝናል። ከሚንስ 5.9 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ስሙ የገነነ ነው፣ ይገባዋልም። ከ1996 እስከ 2002 ከኋላው የታሰረው 47አርኢ ግን ለዚያ ጉልበት የተመጠነ አይደለም። ይሄ የኔ ሐሜት አይደለም። በ2001 ፋብሪካው ራሱ ሞተሩን በሁለት ዓይነት ነበር የሚሸጠው። በእጅ ማርሽ ለሚገዛ 245 ፈረስ ጉልበትና 685 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል (ቶርክ) ያለውን ማግኘት ይቻል ነበር። አውቶማቲክ ለሚገዛ 235 ፈረስ ጉልበትና 624 ኒውተን ሜትር ገደማ። ጠንካራው ሞተር ከአውቶማቲኩ ጋር አይሰጥም ነበር። እንግዲህ የሠራው ፋብሪካ ያልደፈረውን ነገር ሻጩ «ቺፕ (የሞተሩን ጉልበት የሚጨምር ኤሌክትሮኒክ ዕቃ) አስገብቼበታለሁ፣ ጉልበቱ ጨምሯል» ብሎ እንደ ውለታ ሲነግራችሁ እግሬ አውጪኝ ማለት ነው። ካምቢዮው አብሮ ካልተጠናከረ የጨመረው ጉልበት ሳይሆን ሥብራቱ ነው።

ፎርድ ኢ4ኦዲ የሚባለውን ካምቢዮ በ1989 አመጣ፤ ኋላ ተሻሽሎ 4አር100 ተባለ። መካከለኛ ነው እላለሁ። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ካለው ይሠራል። በ2003 ከ6.0 ሊትሩ ናፍጣ ጋር የመጣው ባለ አምስት ማርሹ ቶርክሺፍት ይሻላል፤ ግን ያኔ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጣጣ አለበት። (ሁሉ መቼ ይሟላል።) ከ2001 ጀምሮ ዱራማክስ ከሚባለው የጄነራል ሞተርስ ናፍጣ ሞተር ጋር የታሰረውን አሊሰን 1000 ካምቢዮ «ከሁሉም እሱ ይሻላል» የሚለኝን ሰው አልከራከረውም።

አሁን ወደ ሽወዳው ልምጣ። የእህቴ ባል አንድ እንዲህ ያለ ፒክአፕ ገዝቶ ነበር። ሻጩ የጠበቀው መኪናውን አሙቆ ነው። የካምቢዮው ዘይት ቀይ፣ ንጹሕ፣ ምንም የማይወጣለት። ዳሽቦርድ ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት የለም። ባዶውን ሰፈር ውስጥ ዞሩበት፣ ማርሹ ለስላሳ ነው። ምን ቀረ? ብሩ ተቆጠረ። ብዙም ሳይቆይ ተጎታቹን አስሮ ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ የሚል አልሆነም።

ኮፓው ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። ከታች የብረት ብናኝ የምትለቅም ማግኔት አለች። ላይዋ ላይ ስስ ግራጫ ቅባት ቢኖር ኖሮ ችግር የለውም፣ ያ የተለመደ መበላት ነው። የነበረው ግን ጥቁር ደለል ነው። በጣት ሲያሹት አሸዋ አሸዋ ይላል። ኮፓውን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ዘይቱ ላይ የነሐስ ብልጭታ ይንሳፈፋል። መካኒኩ ቀና ብሎም አላየንም። «ይወርዳል» አለ። ንጹሑ ዘይት ለመኪናው ታስቦ የተቀየረ አልነበረም፣ ለገዢው ዓይን ታስቦ እንጂ። መኪናውም የሞቀው ሲቀዘቅዝ የሚታየው ችግር እንዳይታይ ነው። መብራቱ የጠፋው በመኪናው ኮምፒውተር ላይ የተመዘገበው የብልሽት ኮድ ስለተሰረዘ ነው።

ስለዚህ ሻጩን «እስክመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛውን አስነስታችሁ፣ እግራችሁን ፍሬን ላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ። ከሁለት ሰከንድ በላይ አስቦ በኋላ ዷ ብሎ ከገባ ውስጡ የግፊት ችግር አለ። መንገድ ላይ ደግሞ ማርሽ ሲቀይር የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየለቀቀ ነው። ሜዳ ላይ በአንድ ፍጥነት፣ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትሄዱ ነዳጁን ሳትለቁ ፍሬኑን በግራ እግር ነካ አድርጉት፤ መኪናው እስኪቀንስ ሳይሆን የፍሬን መብራቱ እስኪበራ ብቻ። የዙር መቁጠሪያው ትንሽ ዘለል ብሎ ሲለቁት መመለስ አለበት። ሎክአፑ ተፈቶ እንደገና ማሰሩ ነው። ንቅንቅ ካላለ ሎክአፑ ቀድሞውንም አላሰረም ማለት ነው። ሳትነኩትም ወደላይ ወደታች የሚል ከሆነ እያሰረ እየለቀቀ ነው።

ከ1996 ወዲህ ለተሠሩት የኮምፒውተር መመርመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ትንሿ ርካሽዋ ትበቃለች። ኮድ መኖር አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን መኪናው የራሱን ምርመራዎች ጨርሷል ወይ የሚለውን እዩ። አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይ ባትሪው ተነቅሎ ነበር። ሻጩን ለምን እንደሆነ ጠይቁትና ፊቱን እዩ። በጄነራል ሞተርስ (ጂኤም) መኪና ላይ ፒ1870 የሚል ኮድ ከወጣ ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው፤ 4ኤል60ኢ ላይ በብዛት ሎክአፑን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ማረፊያው ተበልቶ ነው። ዘይት በመቀየር የሚድን ነገር አይደለም። ፒ0741ም ያው የሎክአፕ ነገር ነው።

የራዲያተሩን ክዳንም፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ክፈቱ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በብዙዎቹ ላይ ራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። ቱቦው ከተበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። መለኪያ ዘንጉ ላይ ሮዝ አረፋ ካያችሁ ድርድሩን እዚያው ተዉት። ውሃ የፍሪሲዮኑን ሸማ ከብረቱ ያላቅቀዋል፤ ዘይቱን አጥቦ መቀየር አያድነውም።

«ካምቢዮው ታድሷል» የሚለው ቃል ደግሞ ለብቻው ሊወራበት ይገባል። መታደስ ብዙ ዓይነት ነው። ላስቲክና ፍሪሲዮን ብቻ ተቀይሮ አሮጌው ቶርክ ኮንቨርተር ተመልሶ የሚታሰርበት አለ። አሮጌው ኮንቨርተር ውስጥ ደግሞ የድሮው ካምቢዮ ደለል አለ። ማቀዝቀዣው ሳይታጠብ የሚታሰርም አለ፣ ያም ቆሻሻውን ወደ አዲሱ ያስገባዋል። ስለዚህ ደረሰኝ ጠይቁ። ምን ምን ተቀየረ? ኮንቨርተሩስ? ማቀዝቀዣውስ? ማን ሠራው? «ጓደኛዬ ነው የሠራልኝ፣ ወረቀት የለውም» ከተባላችሁ እንዳልታደሰ ቆጥራችሁ ዋጋ ንገሩ። ዋስትና አለው ከተባለም ወረቀቱን እስከ ታች አንብቡት። ለመጎተት ወይም ለንግድ ሥራ ከዋለ ዋስትናው አይሠራም የሚል መስመር ያለባቸው ብዙ ናቸው። ለመጎተት ለሚገዛ ሰው እንዲህ ያለ ዋስትና ምን ይሠራለታል?

«ይሄን ያህል ቶን ይጎትታል» ብሎ የፋብሪካውን ቁጥር የሚያነብላችሁም አለ። ያ ቁጥር የአዲስ መኪና ነው። በዲፍረንሻሉ ጥርስ ብዛት ብቻ እንኳ የዚያው ሞዴል አቅም በብዙ መቶ ኪሎ ይለያያል። የጥርሶቹ ምጣኔ 3.42 የሆነውና 4.10 የሆነው አንድ አይደሉም፤ ዝቅተኛው ቁጥር፣ 3.42፣ ካምቢዮውን ይበልጥ ያደክመዋል። የትኛው እንደታሰረ ሳትጠይቁ በቶን አትደራደሩ።

አሁን ገዝታችሁ ለጨረሳችሁ። ኮፓውን አስወርዱና ማግኔቷን እዩ፣ ማጣሪያውን ቀይሩ፣ ለመኪናው የታዘዘውን ዘይት ሙሉ። ለዶጅ ኤቲኤፍ ፕላስ 4 ነው። ከራዲያተሩ ሌላ ለብቻው የሚቆም የዘይት ማቀዝቀዣና የሙቀት መለኪያ አስገጥሙ። ካምቢዮ ከማስወረድ ጋር ሲተያይ ወጪው ምንም ማለት አይደለም። ጭነት ካለ በተለይ ዳገት ላይ ኦቨርድራይቩን፣ ማለትም አራተኛ ማርሹን፣ አጥፉ። በ4ኤል60ኢ የአራተኛው ምጣኔ 0.70 ነው፣ በ47አርኢ 0.69፤ ሁለቱም ለባዶ አውራ ጎዳና እንጂ ለጭነት የተሰጡ አይደሉም። የዶጅ ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። ሲሞቅ ጥግ ይዛችሁ ፓርክ ላይ አታቁሙት፤ 47አርኢ ፓርክ ላይ ሲሆን ዘይቱን ወደ ኮንቨርተሩና ወደ ማቀዝቀዣው አይልክም። የእጅ ፍሬን ስባችሁ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፋችሁ፣ ኒውትራል ላይ ሞተሩን ሳታጠፉ አቆዩት። ዘይቱንም የምትለኩት እንደዚያው፣ ኒውትራል ላይ ነው።