ተረከዜ መሬት ነካ፦ ከያማሃ ዋይቢአር 125 ጋር 14 ወር

ሐምሌ ላይ ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን ዳገት በሞተር ሳይክሌ፣ በያማሃ ዋይቢአሯ፣ ይዣለሁ። በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ ቀጥ አለ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይላል። እኔም ቆምኩ። ቀኝ እግሬ የኋላ ፍሬን ላይ፣ ግራ እግሬ መሬት ላይ።

ግራ እግሬ ያረፈው ግን ደህና አስፋልት ላይ አልነበረም። ውሃ የሞላው ጎድጓዳ ነበር። ሞተሯ ወደ ግራ አጋደለች። ልቤ ስንጥቅ አለ። እግሬ ሦስት ጣት ያህል ወረደና መሬት አገኘ። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ገፋኋት፤ ተመለሰች። ሚኒባሱ ተሳፋሪውን ይዞ ሄደ። እኔም አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ተከተልኩ።

አላፊ አግዳሚው ምንም አላየም። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ ስለዚያች ሦስት ጣት ሳስብ ነበር።

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፒያሳ፣ ሜክሲኮና ካዛንቺስ ያሉ ትንንሽ ሱቆችን ሂሳብ እይዛለሁ። በቀን ሦስት አራት ቦታ እደርሳለሁ። የታክሲ ሰልፍ ሲያንገሸግሸኝ ማሰልጠኛ ገባሁ፣ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ፣ ከዚያ ሞተር ፍለጋ ጀመርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ66 ነው። ከዚያ በፊት ሞተር ላይ የተቀመጥኩት ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው።

ፍለጋው ሁለት ወር ፈጀ። በሁለቱ ወር ውስጥ ያነጋገርኳቸው ሻጮችና ደላሎች ሁሉ ያወሩኝ ስለ ሲሲ፣ ማለትም ስለ ሞተሩ መጠን ነው። አንዱ ባለ 200 ሲሲ፣ ከፍ ያለ የገጠር መንገድ ሞተር አወጣልኝ። "እህቴ፣ ይቺ ጉድጓድ አታውቅም" አለኝ። ወጣሁባት። የጫማዬ ጫፍ ብቻ ነው መሬት የነካው። "ጫፉ ከነካ በቂ ነው፣ ትለምጂዋለሽ" አለ። ሌላው አፓቺ 180 አሳየኝ። ቆንጆ ነች፣ የከተማው ወጣት ሁሉ የሚመኛት ናት። ዋይቢአሯን ሳነሳበት ግን ፊቱን አዞረ። "እሷማ የመለማመጃ ናት። በሦስት ወር ትሰለችሻለች። ኋላ ገዢ ልፈልግልሽ ነው?"

ወንድሜ፣ ይኸው 14 ወር ሞላኝ። ገዢ አልፈለግኩም።

ስለ ሲሲው የተናገርከው ውስጥ እውነት አለ፤ አልክድህም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 10 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ሞተር እዚህ የምትሰጠው ሰባት ተኩል ገደማ ነው። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርብራተር የምትሠራ ከሆነች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛባታል። የእኔዋንም በገዛኋት የመጀመሪያ ወር ዳገት ስትወጣ እያነቃት ነበር። ሞተር የሚሠሩልኝ ጋሼ ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን፣ ፈተው አሳዩኝ፤ ጥቀርሻ መስሏል። ካርብራተሩን አጸዱ፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሿን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ቀየሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ማነቁን ተወች።

ግን ይህ ችግር ለባለ 200ዋም ያው ነው። አየሩ ለእሷ አይጨመርላትም። ደግሞስ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ጉልበቱን የት ልታወጣው ነው? ከስቴዲየም ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ከለገሃር ፒያሳ። በእነዚህ መንገዶች ላይ አራተኛ ማርሽ የምገባው ስንት ጊዜ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። የምነዳው አንደኛና ሁለተኛ ላይ ነው። የምውለው መቆምና መነሳት ላይ ነው። ጀማሪ ሰው ደግሞ የሚወድቀው ሲበር አይደለም። ሲቆም ነው፣ ሲዞር ነው፣ ዳገት ላይ ሲነሳ ነው።

ዳገት ላይ መነሳትን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሞተር የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ነው የሚያዘው። ዳገት ላይ ከቆምክ ቀኝ እግርህ ፍሬኑን መልቀቅ የለበትም፤ ከለቀቀ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ። የፊት ፍሬኑን በእጅህ ልትይዝ ትችላለህ፤ ግን ያው እጅ ነው ጋዝ የሚሰጠው። ለጀማሪ ሁለቱን በአንድ እጅ ማስማማት ከባድ ነው። ስለዚህ ሙሉው ክብደት በግራ እግር ላይ ያርፋል። የቆምክበት በጫማህ ጫፍ ከሆነ ያለህ አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ናት። ከኋላህ ሀይገር ያጓራል። ከፊትህ ያለው መኪና ትንሽ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በዚህ መሃል ፍሪሲዮኑን፣ የሞተሩን ጉልበት ከጎማው የሚያላቅቀውን የግራ እጅ መያዣ፣ ቀስ ብለህ መልቀቅ አለብህ። እኔ ይህን ሁሉ ያደረግኩት ሙሉ ጫማዬ መሬት ላይ ተኝቶ ነው። ለዚህ ነው የተረጋጋሁት። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። እግሬ ስለደረሰ ነው።

የዋይቢአር 125 መቀመጫ ከመሬት 78 ሳንቲም ሜትር ነው። ያው ያማሃ የሚሠራት ኤክስቲዚ 125 አለች፤ የእሷ 84 ነው። ሁለቱም 125 ሲሲ ናቸው። ደላላው ሁለቱንም በአንድ ስም "125" ብሎ ይጠራቸዋል። በመካከላቸው ያለው ስድስት ሳንቲም ግን ለእኔ በመቆምና በመንጠልጠል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ረጅም ሰው ብሆን ኤክስቲዚዋን እመርጥ ነበር፤ ለተቆፋፈረ መንገድ እሷ ትሻላለች። እንደ ቁመቴ ግን አይሆንም።

አንዱ ሻጭ ይህን ስነግረው መልስ ነበረው። "ስፖንጁን እናስቀንስልሻለን፣ ሶፋ ሠሪ ጋ የአንድ ሰዓት ሥራ ናት።" እውነት ነው፣ ይቀነሳል። ግን ስፖንጁን ብትቀንሰው የሞተሩ ክብደት ከላይ እንዳለ ነው። የእኔዋ ቤንዚንና ዘይት ተሞልታ 125 ኪሎ ገደማ ናት፤ ክብደቷም ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስታጋድል ቀስ ብላ ነው የምታጋድለው፤ ለመያዝ ጊዜ ትሰጣለች። ከፍ ያለችው ግን አንዴ ካለፈች አለፈች፤ በጉልበት አትመልሳትም።

አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ፤ መደበቅ አልፈልግም። ካዛንቺስ፣ መንገዱ ሲሠራ የተበተነ ጠጠር ላይ፣ በእግር መሄጃ ፍጥነት ስዞር የፊት ፍሬን ነካሁ። መሪው ተጠምዝዞ እያለ የፊት ፍሬን መያዝ አይገባም፤ ማሰልጠኛ ያልነገሩኝ ይህንን ነው። ሞተሯ በግራ ጎኗ ተኛች። እኔ በእግሬ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ወጣት "ቆይ እህቴ፣ እኔ ላንሳልሽ" ብሎ እየሮጠ መጣ። እግዜር ይስጠው። ግን ሳይደርስ አነሳኋት።

እንዴት እንደሚነሳ ልጻፈው፤ ለአንዲት ጀማሪ እንኳ ቢጠቅም። መጀመሪያ ቁልፉን አጥፊ። ማርሽ ውስጥ መሆኗን እዪ፣ እንዳትንከባለል። የወደቀችው በቀኝ ጎኗ ከሆነ የጎን መቆሚያዋን አስቀድመሽ ዘርጊው፤ አለዚያ ስታነሻት ወደዚያኛው ወገን ትሄድብሻለች። ከዚያ ጀርባሽን ለመቀመጫው ስጪና ቁጭ በይ። አንድ እጅሽ መሬት በነካው በኩል ያለውን የመሪ እጀታ ይያዝ፣ ሌላው የኋላውን ብረት። ወገብሽን አታጉብጪ። በጭንሽ ግፊና በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሂጂ። 125 ኪሎ በዚህ መንገድ ይነሳል፤ አንስቼዋለሁ። የተጎዳው የፍሪሲዮን እጀታው ጫፍ ብቻ ነው፤ ትንሽ ጎበጠ። እስካሁን አልቀየርኩትም።

የዚያን ቀን ማታ እማዬ "ሸጠሽ ብትገላገዪስ?" አለችኝ። ስትጨነቅ ማየት ያመኛል። ግን ከወደቅኩ በኋላ ነው ሞተሯን ይበልጥ የወደድኳት። ራሴ ላነሳት የምችላት ሞተር መሆኗን ያወቅኩት ያኔ ነው። የምፈራትን ነገር በየቀኑ ፒያሳ መሃል ልነዳ አልችልም ነበር።

የሚያናድደኝ ነገር የለም ማለት አይደለም። የፊት መብራቷ ደካማ ነው። የመንገድ መብራት በሌለበት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ብዙ አልወጣም። ክላክሷም ቀጭን ናት፤ የጭነት መኪና ሹፌር አይሰማትም። ስለዚህ በጭነት መኪና ጎን አልውልም፤ ወይ አልፋለሁ ወይ ኋላ እቀራለሁ። ሰፊ መንገድ ላይ ሁሉም ሲፈጥን ጉልበቷ ያልቃል፤ እዚያ ላይ ደላላው ልክ ነበር። ቤንዚን በራሴ ማስታወሻ መሠረት በሊትር 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደኛል። ማደያ ሰልፍ ሲኖር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ዘይት እቀይራለሁ፣ ሰንሰለት አጠብቃለሁ፣ ትሠራለች።

አዲስ ገዢ ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን ይይ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ከተማዋ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ሰሌዳና ፈቃድ የሌላት ሞተር፣ ምንም ብታምር፣ መሃል ከተማ ራስ ምታት ናት። "ወረቀቱን በኋላ እናስተካክላለን" የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ተነስተህ ሂድ። ሄልሜቱንም አስቀድመህ ግዛ። ጉንጭህን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ራስህን ስትነቀንቅ የማይዞር ይሁን።

ክረምቱን በተመለከተ አንድ ነገር። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዝናብ ከሁሉ የከፋው ነው። መንገድ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ሳሙና ይሆናል። የዜብራው ነጭ ቀለምም ያንሸራትታል፤ የፍሳሽ ክዳኖችም እንደዚያው። እኔ ያኔ ዳር ይዤ ማኪያቶ እጠጣለሁ። መሄድ ግድ ሲሆን እግሬን ከማሳረፌ በፊት የማርፍበትን አያለሁ። ዜብራ ላይ ቆሜ አላውቅም፤ ከዜብራው በፊት ነው የምቆመው።

ሻጮች ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጀማሪ ሲመጣ ስለ ሲሲ ከማውራታችሁ በፊት "ተቀመጪባት" በሉ። ሁለቱንም እግሯን ታውርድ። ቆሞ የሚይዛት ሰው አይኑር። ከዚያ ሞተሯን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታጋድላት። ወደ ኋላ ገፍታ ከተደረደሩት መሃል ታውጣት። ይህን ሁሉ ያለ እናንተ እርዳታ ከቻለች ሽጡላት። ካልቻለች ሌላ አሳዩአት። እኔን እንዲህ ያለኝ ሻጭ አላጋጠመኝም። ዋይቢአሯን ያገኘኋት ከአንዲት ነርስ ነው። ወደ ክፍለ ሀገር ልትዛወር ስለነበር ነው የሸጠችልኝ። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ነይ ውጪባትና እግርሽን እዪው።"

ባለፈው እሁድ የአክስቴ ልጅ መጣች። መንጃ ፈቃዷን ልታወጣ ነው። ስታረጅ ለእኔ ትሰጪኛለሽ ብላ ሞተሯ ላይ ዓይኗን ጥላለች። ግቢ ውስጥ አወጣሁላትና ተቀመጠች። እኔ ዝቅ ብዬ ጫማዋን አየሁ። እሷ ከእኔ በጣም ታጥራለች። ሁለቱም ተረከዞቿ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ተነስተዋል።

"ደርሷል አይደል?" አለችኝ።

አልደረሰም አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ቅዳሜ ከእሷ ጋር ዝቅ ያለች ልናይ ቀጠሮ ይዘናል።