ለከባድ ፈረስ የሚሸጡ ኮርቻዎች፦ የትኛው ጀርባ ላይ ይቀመጣል?

ሻየር፣ ፐርሽሮን፣ ክላይድስዴል፣ አርደን፤ ለመጎተት የተዳቀሉትን እነዚህን ከባድ የፈረስ ዘሮች አጠገባቸው ቆሞ ያየ ሰው ዓይኑን መንቀል ይቸግረዋል። አርደን የናፖሊዮንን መድፍ የጎተተ ዘር ነው። በብሪታንያ ንጉሣዊ ፈረሰኛ ጦር ሰልፍ ላይ ደግሞ ግዙፎቹ የነጋሪት ፈረሶች ሁለት የብር ነጋሪት በግራና በቀኝ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ የመቺው ሁለት እጅ ስለተያዘ ዛቡ ከእግሩ ጋር ታስሮ በእግር ይመራቸዋል። እንዲህ ያለ ፈረስ መጋለብ የሚመኝ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በኮርቻ ነው። «ለከባድ ፈረስ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ለቀላል ፈረስ ተሠርተው ጫንቃውን የሚሻገረው የፊታቸው ቅስት ብቻ ሰፋ የተደረገ ናቸው።

የቀላል ፈረስ ጫንቃ ከፍና ሾጠጥ ያለ ስለሆነ የኮርቻው የፊት ቅስትም ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። የከባድ ፈረስ ጫንቃ ዝቅ ያለ ነው፤ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ጠፍጣፋ፣ የጎድን አጥንቱም ክብ ነው። ሹሉን ቅስት ከታች ቢከፍቱት አናቱ እዚያው ጠባብ ሆኖ ይቀራል፤ ኮርቻው ወርዶ መቀመጥ አቅቶት ከላይ ሥጋውን ይነክሳል፣ ሲያረጅ ደግሞ ጫንቃው ላይ ይወድቃል። ለዚህ ጀርባ የሚስማማው አናቱም ላይ ሰፊ የሆነ፣ እንደ ፈረስ ናል ክብ ቅስት ያለው ኮርቻ ነው። ሻጩ «እጅግ ሰፊ» የሚል ምልክት ቢያሳይዎት ኮርቻውን ገልብጠው ቅስቱን ራስዎ ይዩት። ከኮርቻው ስር ጀርባው ላይ በሚያርፉት ሁለት ትራሶች መሃል ያለውን ቦይም ይለኩ፤ ከፊት እስከ ኋላ ሳይጠብ ከ6 እስከ 8 ሴንቲሜትር ካልሆነ ለከባድ ፈረስ አይግዙት።

ከመግዛት በፊት የጀርባውን ቅርጽ በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። ፈረሱ ደልዳላ መሬት ላይ በአራቱም እግሩ እኩል ይቁም፣ አንድ ሰው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝ። የሚተጣጠፍ ማስመሪያ ወይም ወፍራም ለስላሳ ሽቦ ከትከሻው አጥንት ጀርባ ሦስት ጣት ያህል ርቀው በጫንቃው ላይ አጋድመው ይጫኑትና ቅርጹን ሳያበላሹ ካርቶን ላይ ይሳሉት። ሁለተኛውን ጋላቢው በሚቀመጥበት፣ ሦስተኛውን በመጨረሻው የጎድን አጥንት ላይ ይውሰዱ። አንድ ደግሞ በአከርካሪው ርዝመት። የመጨረሻው የጎድን አጥንት ድንበር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽንጥ ክብደት አይሸከምም። አርደን ግዙፍ ቢመስልም ወገቡ አጭር ስለሆነ ረጅም መቀመጫ ያለው ኮርቻ ከድንበሩ ያልፍበታል።

ገበያ ላይ በብዛት ከሚገኙት መካከል የመጀመሪያው ቅስቱን የያዘው የፊት ብረት የሚቀየርለት ሰው ሠራሽ ኮርቻ ነው። ቀላል ነው፣ ዝናብ አይፈራም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። ብሎኑን በመፍቻ ፈትቶ ጠባቡን ብረት አውጥቶ ሰፊውን ማስገባት ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ፈረሱ በክረምት ሲወፍር፣ በበጋ በሥራ ሲከሳ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ ብረቱ የሚቀይረው የፊቱን ብቻ መሆኑ ነው። የኋላው አካልና የመሃሉ ቦይ ሲሠራ በነበረው ስፋት ይቀራል። ስለዚህ ከመነሻው ለሰፊ ጀርባ የተሠራ ሞዴል ካልሆነ በሰፊ ብረት ለማዳን መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው። ብሎኖቹም በግልቢያ ስለሚላሉ በየጊዜው ይፈተሹ።

ሁለተኛው በእንጨት አጽም ላይ የተሠራ፣ ትራሱ በሱፍ የተሞላ የቆዳ ኮርቻ ነው። በእኔ ግምት ለከባድ ፈረስ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ክብደትን በሰፊው ያከፋፍላል፣ ትራሱም በኮርቻ ሰሪ እጅ እንደ ጀርባው ይስተካከላል። አዲስ ሱፍ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚተኛ እንደገና መሞላት አለበት። ይህን ያላደረገ ሰው ኮርቻው ከፊት ሲወርድ እያየ ከስር ወፍራም ጨርቅ ይደርባል። ኮርቻው ቀድሞም ጠባብ ከሆነ በጠባብ ጫማ ላይ ወፍራም ካልሲ እንደ መደረብ ነው፤ ጭምቁን ያብሰዋል።

ሦስተኛው የእንጨት አጽም የሌለው ለስላሳ ኮርቻ ነው። ክብ ጀርባ ላይ ስለሚያርፍ ብዙዎች ይወዱታል፣ ለቀላል ጋላቢና ለአጭር ጉዞም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የእርካቡ ጠፍር በተያያዘበት ቦታ ክብደቱ ይከማቻል፤ መሃሉ ቦይ ያለው ልዩ ንጣፍ ካልተነጠፈለት አከርካሪውን ይጫናል። ከመሬት በእርካብ ለመውጣት የሞከረ ሰው ደግሞ ከነኮርቻው ይዞራል።

የመካከለኛው ዘመን ባላባቶችን የጦር ኮርቻ አስመስለው የሚሠሩም አሉ፤ የፊቱም የኋላውም መደገፊያ ከፍ ያለ፣ ወገብ የሚያቅፍ። ውበቱ ልብ ይሰርቃል። ሆኖም የዚያ ዘመን የጦር ፈረስ ብዙዎች እንደሚስሉት እንደ ሻየር ግዙፍ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ የእንግሊዝ የፈረስ አጥንቶች ጥናት አብዛኞቹ ቁመታቸው ከ1.48 ሜትር በታች ሆኖ ተገኝቷል። የዛሬ ሻየር ድንጉላ 1.73 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የድሮውን ልክ የተከተለ ኮርቻ ፐርሽሮን ላይ ሲጫን በሁለት ጠርዝ ብቻ ስለሚቆም በራሱ ፈረስ ልክ ካልታዘዘ አይመከርም።

የሆድ ጠፍሩን አሳንሶ መግዛትና አብዝቶ ማጥበቅም የተለመዱ ስህተቶች ናቸው። በክብ ሆድ ላይ ኮርቻ ወደ ጎን ስለሚንሸራተት ሰው ጠፍሩን አብዝቶ ያጠብቃል፤ ፈረሱ ይጨነቃል፣ ኮርቻው ግን አሁንም ይንሸራተታል። መፍትሔው ልኩ የሆነ ቅስት፣ የማያንሸራትት ቀጭን ንጣፍ፣ ሁልጊዜም ከመወጣጫ ላይ መውጣት ነው። ኮርቻው ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ ከክርኑ ጀርባ ጎበጥ ብሎ የተቆረጠ ጠፍር ይረዳል። ክብደትን በተመለከተ፣ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ የሚለው የተለመደ ልክ 900 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ 180 ኪሎ ይሸከማል ማለት አይደለም፤ ጀርባው የተሠራው ለመጎተት ስለሆነ ጋላቢውንና ኮርቻውን ጨምሮ ከ15 በመቶ በታች ማድረግ ይሻላል።

ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ጋ አይግዙ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ለግማሽ ሰዓት ያህል በሶምሶማ ጋልበው ኮርቻውን ያውርዱ። ላቡ በሁለቱም ጎን እኩል ቢታተምና መሃሉ ቢደርቅ ጥሩ ነው። በእርጥቡ መካከል ግን መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካለች እዚያ ላይ ጭምቅ አለ፤ ይህ ሲደጋገም ቦታው ላይ ነጭ ጠጉር ይበቅላል፣ አይጠፋምም። ያገለገለ ኮርቻ ከሆነ የኋላ መደገፊያውን ሆድዎ ላይ አስደግፈው የፊቱን ጉብታ በሁለት እጅ ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ እንጨቱ ከታጠፈ ወይም «ቋ» ካለ ተሰብሯል፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይመልሱት።