ፒክስ ከረጢት ለደንቢያ ሽምብራ

ፒክስ የተባለው የእህል ማከማቻ ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይገድላል፤ ሁሉም ነገር ያለው ግን አስተሳሰሩ ላይ ነው። ከውጭ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፌስታል አለው። ከእህሉ ጋር የገባው ነቀዝ ራሱ ሲተነፍስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ መብላትም መራባትም ያቆማል። ስለዚህ አየሩን ተጭኖ ማስወጣት፣ የእያንዳንዱን ፌስታል አፍ ለየብቻ ጠምዝዞ፣ አጥፎ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ሦስቱን ባንድ ላይ ያሰረ ገንዘቡን ጣለ።

እርጥብ እህል ውስጡ ይሻግታል። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ ሽምብራና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሮ ነቅንቆ 15 ደቂቃ ማስቀመጥ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

አይጥ ከበሳው ዋጋ የለውም፤ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። በየሳምንቱ ለሚከፈት ቀለብ አይመከርም። የጎንደርን ክረምት ለሚያሳልፍ ዘር ግን ያለ ማመንታት ይገዛ።