ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሚሸጠው የእንግሊዝኛ ሐረጎች ጥራዝ

ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠው፣ የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ሐረጎችን የያዘው ጥራዝ ዋጋውን ያወጣል፤ ግን እርሳስ ተይዞ የሚነበብ ነው።

ጥሩው ገጽ «ኦን ታይም»ን ከ«ኢን ታይም» የለየበት ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ በ12 ሰዓት ይነሳል ተብሎ ልክ በ12 ከተነሳ (ከተነሳ!) «ኦን ታይም» ነው። ለ12 ሩብ ጉዳይ ላይ ደርሶ ሻይ የጠጣ ተሳፋሪ ደግሞ «ኢን ታይም» ደርሷል፤ ሳያመልጠው ማለት ነው።

«ዩዝድ ቱ»ን ከ«አም ዩዝድ ቱ» መለየት ላይ ግን ይወድቃል፤ ሁለቱንም «ለመደ» ብሎ ተርጉሟቸዋል። «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ደብረ ብርሃን» ያለ ሰው በፊት ይኖር ነበር፣ አሁን የለም። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዘ ኮልድ» ያለው ብርዱን ለምዶታል። መለያዋ ከፊት ያለችው «አም» ናት፤ እሷ ካለች ቀጥሎ የሚመጣው ግስ «ኢንግ» ይጨምራል፦ «አይ አም ዩዝድ ቱ ሊቪንግ ሂር»። የመልስ ገጹ ይህችን «ኢንግ» ስህተት ብሏታል፤ ተማሪው ትክክለኛውን ምርጫ ትቶ ሌላ ያከብባል።

«ኢን ዘ ኤንድ» (በስተመጨረሻ) እና «አት ዘ ኤንድ ኦፍ» (የአንድ ነገር ማብቂያ ላይ) በአንድ መስመር ታልፈዋል፤ ይበቃል። አንዳንዱ ቅጂ ስለደበዘዘ ከመክፈል በፊት የኋላ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው።