የጣት ኦክስጅን መለኪያ፦ ስድስት ወር ከአባቴ አልጋ አጠገብ

አባቴ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም አለባቸው። ላለፉት ስድስት ወራት ጠዋትና ማታ ይህችን መለኪያ ጣታቸው ላይ ሳላደርግ የዋልኩበት ቀን የለም።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ከፈት አድርጎ ጣት ማስገባት ነው፤ ወዲያው የደም ኦክስጅን በመቶኛና የልብ ምት ይመጣል። ቀይና ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው) ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) እና ያልያዘው ሁለቱን ብርሃኖች እኩል ስለማይመጥጡ ከልዩነቱ ታሰላለች። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1974 ያመጡት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ናቸው። እጅ ሳይወጋ፣ ደም ሳይቀዳ! ለዚህ ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ።

የኔዋ ከቁጥሩ ጎን የምቱን ሞገድ ታሳያለች። መግዛት የሚያስብ ሰው ሞገድ የሌላትን አይውሰድ። ሞገዱ እኩል እየወጣ ካልወረደ ቁጥሩን አላምነውም። አንድ ማለዳ 84 አለችኝ። ደንግጬ ልሮጥ ስል የአባቴን እጅ ያዝኩት፤ በረዶ ሆኗል። በመዳፎቼ መሃል አሽቼ፣ አሙቄ ስደግመው 91 ሆነ። ሐኪማቸው የሰጧቸው ልክ ከ88 እስከ 92 ስለሆነ ተንፈስ አልኩ። የጥፍር ቀለምና የእጅ መንቀጥቀጥም እንዲሁ ያሳስቷታል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። አባቴ ጠይም እንኳ አይደሉም፣ ጥቁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት የጣት መለኪያን ከደም ቅዳ ከተወሰደ ደም ጋር አነጻጽሮ ነበር። መለኪያው ከ92 እስከ 96 እያለ ደሙ ግን ከ88 በታች የሆነው በነጭ ሕሙማን 3.6 ከመቶ፣ በጥቁር ሕሙማን 11.7 ከመቶ በሚሆኑት ልኬቶች ነው። ችግሩ እኮ በ1990ም በጥናት ታይቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2025 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ፣ ለሕክምና የሚውሉ መለኪያዎች የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው ቢያንስ 150 ሰዎች ላይ እንዲፈተሹ ጠይቋል።

ከኔዋ ሳጥን የወጣውን ወረቀት ሁለቴ አነበብኩት። ስህተቷ ሁለት ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው ይላል። በማን ቆዳ ላይ ተለክቶ እንደሆነ አንድ ቃል የለበትም። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

ባለፈው ሳምንት 93 እያለችኝ አባቴ «ውኃ አምጪልኝ» ለማለት ትንፋሽ ለመሳብ ሁለቴ አረፍ አሉ። ቁጥሩን ትቼ ወደ ሕክምና ወሰድኳቸው፤ ከእጃቸው አንጓ የተቀዳው ደም 87 አሳየ። መለኪያዋን አልጣልኳትም፤ ዛሬም ጠዋት ለክቼባታለሁ። በደብተሬ ግን ከቁጥሩ ጎን አዲስ መስመር አስምሬያለሁ፦ «ሳያርፉ ስንት ቃል ተናገሩ?»