ያማሃ ፒኤስአር-ኢ373፦ ኮርድ መማር ለሚፈልግ አማተር ይሆናል ወይ?

ኪቦርድ ልግዛ የሚል ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ድምፅ አለው?" ብሎ ነው። መልሱ 622 ነው። 205 ስታይልም (ኪቦርዱ ራሱ የሚጫወተው አጃቢ) አለው። ቁጥሩ ደስ ይላል፣ ግን አብዛኞቹን ድምፆች አንዴ ነካክታችሁ ታልፏቸዋላችሁ፤ ዞሮ ዞሮ ፒያኖው፣ አንድ ሁለት ኦርጋንና ስትሪንጉ ናቸው የሚቀሩት። እኔ ይህን ኪቦርድ የወደድኩት በሌላ ነገር ነው። ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚነኩ ሦስትና ከዚያ በላይ ኖታዎች፣ ምን እንደሚሠራ በጆሯችሁ ያሰማችኋል። ብቻውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚለማመድ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለም ባይ ነኝ።

ዕቃውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ2020 የወጣ ሞዴል ነው፤ 61 ቁልፍ አለው፣ ክብደቱ 5 ኪሎ አይሞላም። በአዳፕተርም በ6 ባትሪም ይሠራል። ቁልፎቹ የጣትን ጉልበት ይለያሉ፦ ለስለስ አድርጋችሁ ስትነኩ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ጠንከር ስትሉ ይጠነክራል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ይህ በሌለው ኪቦርድ ላይ በራስ ፈጠራ መጫወት በጣም ያደክማል፣ ምክንያቱም ያው አንድ ዜማ ሕይወት የሚያገኘው የትኛው ኖታ ጎላ፣ የትኛው ደግሞ ዝቅ እንደሚል ስትመርጡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስታይል ስታበሩ የኪቦርዱ ግራ ክፍል ለኮርድ ይለቀቃል። ግራ እጃችሁ ኮርድ ሲይዝ ከበሮው፣ ቤዙና ሌላው አጃቢ ተከትሎ ይሄዳል፤ የያዛችሁት ኮርድ ስም ደግሞ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ለቀኝ እጅ ሦስት ኦክታቭ ተኩል ገደማ ይቀራል (አንድ ኦክታቭ 12 ቁልፍ ነው)፣ ለዜማ ከበቂ በላይ ነው።

ኮርድ የሚያዝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስማርት ኮርድ ይባላል። የዘፈኑን ኪ (ዘፈኑ የተመሠረተበትን የኖታ ቤተሰብ) ትነግሩታላችሁ፣ ከዚያ በአንድ ጣት ብቻ ለዚያ ኪ የሚስማማውን ኮርድ ራሱ መርጦ ይጫወትላችኋል። ለእንግዳ ማሳያ አሪፍ ነው። ለመማር ግን አልመክረውም፣ ማሰቡን ሁሉ እሱ ስለሚሠራው። ሁለተኛው መልቲ ፊንገር ነው። እዚህም አቋራጭ አለ፦ ሥር ኖታውን (ኮርዱ የሚጠራበትን) ብቻ ከነካችሁ ሜጀር፣ በስተግራ ካለው ቅርብ ጥቁር ቁልፍ ጋር ከሆነ ማይነር፣ ከቅርቡ ነጭ ጋር ከሆነ ሴቨንዝ ይሆናል፤ ሦስቱም የኮርድ ዓይነቶች ናቸው። ደግነቱ ግን ሙሉ ኮርድ በሦስት ጣት ብትይዙም ያውቀዋል። ስለዚህ መልቲ ፊንገር ላይ አድርጉትና አቋራጩን ተዉት፤ ከመጀመሪያው ቀን ሦስቱንም ኖታ ያዙ።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ዘገምተኛ ስታይል ምረጡ፣ ቴምፖውን (ፍጥነቱን) 70 አካባቢ አውርዱት። በግራ ጫፍ ካለው ሲ ጀምራችሁ ሲ፣ ኢ፣ ጂ (C፣ E፣ G) ያዙ፤ ሲ ሜጀር ነው። አሁን ሁለቱን ጣቶች ሳታነሱ ጂን ብቻ ወደ ኤ (A) አሳልፉት። ስክሪኑ ኤ ማይነር ይላችኋል። ቀጥሎ ኢን ወደ ኤፍ አንድ እርምጃ ግፉት፣ ኤፍ ሜጀር ሆነ። ከዚያ ሦስቱንም ጣቶች አንድ አንድ ነጭ ቁልፍ ወደ ቀኝ አሳልፋችሁ ዲ፣ ጂ፣ ቢ ላይ አሳርፉ፤ ጂ ሜጀር። እንግዲህ አራት ኮርድ ዞራችሁ መጣችሁ፣ እጃችሁ ግን ከቦታው አልራቀም ማለት ይቻላል። ኮርድ በየጊዜው ከሥሩ እየጀመሩ እየዘለሉ የሚለማመዱ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይገርማቸዋል። ብዙ ጀማሪ "ኮርድ ቅየራ ላይ እዘገያለሁ" የሚለው ጣቱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሚሄድበት መንገድ ረጅም ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ነው አጃቢው ዋጋው የሚታየው። ሜትሮኖም ስትዘገዩ አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ይቆጥራል። ይሄኛው ግን ኮርዱን ግማሽ ቢት ዘግይታችሁ ከያዛችሁ ቤዙም አብሯችሁ ዘግይቶ ይቀየራል፣ ጆሯችሁ ወዲያው ያውቀዋል።

አራቱ ኮርዶች በእጅ ከገቡ በኋላ ቀኝ እጅ ይጨመር። በአምስት ኖታ ጀምሩ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። የትዝታን ቅኝት የለመደ ጆሮ እነዚህን አምስቱን ወዲያው ይለያቸዋል። በአራቱም ኮርዶች ላይ በየትኛውም ቅደም ተከተል ብትነኳቸው አያስጠሉም። ግን እዚያው መቅረት የለባችሁም፣ ምክንያቱም ምንም የማያስጠላ ነገር ቶሎ ይሰለቻል። ቀጣዩ ሥራ ኮርዱ ሲቀየር የሚያርፉበትን ኖታ መምረጥ ነው። ሲ ላይ ኢ፣ ኤ ማይነር ላይ ሲ፣ ኤፍ ላይ ኤ ላይ እረፉ። ጂ ሲመጣ ደግሞ ከአምስቱ ውጭ ያለውን ቢን ጨምሩና አቆዩት፣ ከዚያ ሲ ሜጀር ሲመለስ ወደ ሲ ልቀቁት። ቤት የገባ ያህል ይሰማችኋል። ኤፍ የምትባለውን ኖታ ደግሞ ሲ ሜጀር ላይ ረዘም አድርጋችሁ ያዟት፤ ከኢ ጋር ተጠግታ ስለምትጋጭ ጆሮ ይቆረቁራል። ወደ ኢ ስታወርዷት ግን በጣም ታምራለች። ኢምፕሮቫይዜሽን የሚሉት ነገር ለእኔ ከዚህ ይጀምራል፦ የቱ ኖታ እንደሚያርፍ፣ የቱ ደግሞ መሄድ እንደሚፈልግ እየሰሙ መምረጥ።

አንድ የምወዳት ነገር ደግሞ ትራንስፖዝ ናት። ዘፋኝ ጓደኛ ቢመጣና ኪው ቢከብደው ጣታችሁን ሳትቀይሩ ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ሆኖም በዚህች ብቻ መኖር አይገባም፤ ጂና ኤፍ ኪ ላይ ያው አራት ኮርድ የት እንዳለ እጅ ማወቅ አለበት።

ጉድለቱስ? አለው። ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ክብደት የላቸውም፣ ክላሲካል ፒያኖ ለመማር ያሰበ ሰው ወደዚህ ባይመጣ ይሻላል። በአንድ ጊዜ የሚያሰማው 48 ኖታ ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን አጃቢው ራሱ ከዚያ ላይ ይወስዳል፤ ድምፅ የሚያቆየውን ፔዳል ረግጣችሁ ብዙ ኖታ ካከማቻችሁ የቆዩት ድምፆች ሳይታወቃችሁ ይቆረጣሉ። ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው 2.5 ዋት ናቸው፤ ለክፍል ይበቃሉ፣ ሰው ለተሰበሰበበት ግን አይሆኑም። የፒች ቤንድ ጎማም (ኖታውን እያሟሸሸ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) የለውም። እንደ ጊታር ወይም እንደ ሲንተሳይዘር ኖታ እያጎነበሰ ሶሎ መጫወት ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሄድፎን መሰኪያው ትልቁ ዓይነት ስለሆነ የስልክ ሄድፎን ላላችሁ ሰዎች ትንሿ መለወጫ ታስፈልጋችኋለች። ይህችን አብራችሁ ያዙ። ማታ ማንንም ሳትረብሹ መለማመድ ከቻላችሁ ልምምዱ እጥፍ ይሆናል። ፔዳል ግን ለጊዜው ይቆይ። ኮርድ ቅየራው ሳይጠራ ፔዳል ከገባ የጣትን ክፍተት ይሸፍናል፣ ጆሮም የተሳሳተውን አይሰማም።

በእኔ ግምት ኮርድ ይዞ በራሱ መጫወት ለሚፈልግ አማተር ይህ ኪቦርድ ይበቃዋል፣ ያውም ለረጅም ጊዜ። ሶሎ ላይ ልቡ ያደረ ግን ታላቁን ወንድሙን ኢ473ን ይመልከት፤ ፒች ቤንድ አለው፣ ኖታውም 64 ነው።