ሰራተኛ አምጥታ ጥላ ላልሄደችው አስተባባሪ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነበር። ሰነፍኩ። ትናንት ማታ ግን የጎረቤት ህንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ "እናንተ ጋ ያሉት ጥበቃዎች ከየት ነው የመጡት? ሰላምታቸው እንኳ ሌላ ነው" ብለው ሲጠይቁኝ አፈርኩ። ቢበድሉን ኖሮ በዚያው ማታ ነበር የምጽፈው።

አያት አካባቢ ባለ አንድ የጋራ መኖሪያ ህንፃ የኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ያለ ደመወዝ ስድብ የሚቀበል ማለት ነው። ውሃ ሲጠፋ የሚደወለው ለኔ ነው። ሊፍት ሲቆም ለኔ። የሶስተኛ ፎቅ ልጅ በኳስ የሰው መኪና መስታወት ሲሰብርም ለኔ።

ምስጋናዬ ለህንፃዎች ጥበቃ፣ ጽዳትና የጥገና ሰራተኛ ለሚያቀርብ አንድ ኤጀንሲ፣ በተለይ ደግሞ ለአስተባባሪዋ ነው። ስሟን እዚህ አላወጣውም፣ አላስፈቀድኳትም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እሷን ጠይቄ እሰጣለሁ።

በፊት ከሌላ ኤጀንሲ ጋር ነበርን። እዚያ "አዲስ ሰራተኛ መጣ" ማለት እንዲህ ነበር። ጠዋት አንድ ሚኒባስ በር ላይ ይቆማል፣ አንድ ልጅ ይወርዳል፣ ሚኒባሱ ይሄዳል። በቃ። ልጁ ፌስታሉን ይዞ ይቆማል። የለበሰው ከሱ በፊት የለቀቀውን ሰው ዩኒፎርም ነው፣ እጅጌው ጣቱን ይሸፍነዋል። የቱ በር በስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ፣ የማን መኪና የት እንደሚያድር፣ ማን ነዋሪ ማን እንግዳ እንደሆነ የሚነግረው የለም። በመጀመሪያው ማታ የአምስተኛ ፎቁን ጡረተኛ "መታወቂያ" ብሎ ገዛ በራቸው ላይ ያቆማቸዋል። እሳቸው ይቆጣሉ፣ እሱ ይደነግጣል፣ ጠዋት ለኔ ይደወላል። በአንድ ዓመት ስድስት ጥበቃ ቀያየርን። የሰባተኛውንማ ስሙን ሳልይዘው ሄደ።

ለምን እንደማይበረክቱ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። አንዱን ቡና ጠርቼው ስናወራ፣ እኛ ለአንድ ጥበቃ በወር 9 ሺህ ብር ስንከፍል እሱ እጅ የሚገባው 4 ሺህ እንደሆነ ነገረኝ። ጡረታ ይቆረጥልሃል ወይ ስለው "እሱ ደግሞ ምንድነው እትዬ?" አለኝ። ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ኤጀንሲ አያትርፍ አልልም፣ ቢሮ አለው፣ ግብር አለው፣ ሰው ሲቀር የሚተካው እሱ ነው። ግን ከግማሽ በላይ? ውሉን አቋረጥን።

ሌላ ስንፈልግ አንዲት የስራ ባልደረባዬ ይህችን አስተባባሪ ጠቆመችኝ። ደወልኩ። ሰኞ ሰው ትልክልናለች ብዬ ስጠብቅ ራሷ መጣች፣ ብቻዋን፣ ደብተር ይዛ። "መጀመሪያ ቤቱን ልየው" አለች። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው? ቀን ነው ማታ? ፓምፑን የሚያስነሳው ማነው? የጽዳት ዕቃ የት ይቀመጣል? ዝናብ ሲመጣ ጥበቃው የት ይጠለላል? እንዲህ እየጠየቀች ስትጽፍ ቆይታ፣ "ሽንት ቤትስ የት ነው የሚጠቀመው?" አለች።

አምስት የኮሚቴ አባላት ነበርን። እርስ በርስ ተያየን። ምድር ቤት የጋራ ሽንት ቤት አለ፣ ግን ተቆልፎ ነው የሚውለው፣ ቁልፉም ሰብሳቢያችን ጋ ነው። "ታዲያ እስካሁን ያሉት የት ነበር የሚሄዱት?" ብላ ደገመችው። መልስ የሰጣት የለም። እኔ በበኩሌ እዚህ ህንፃ ስድስት ዓመት ስኖር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። "ቁልፍ ሳታስቀርጹ ሰው አላመጣም" አለች፣ ሳትቆጣ፣ ፈገግ ብላ። በማግስቱ አራት ቁልፍ አስቀረጽን። የጥበቃ ቤቱንም የሚያፈስ ቆርቆሮ ቀየርን።

ቀጥሎ የሂሳብ ነገር መጣ። እኛ እንደለመድነው ሁለት ጥበቃ ነበር የጠየቅነው፣ አንዱ 24 ሰዓት ሰርቶ 24 ሰዓት እንዲያርፍ። እሷ ግን ወረቀት አውጥታ ደመረችልን። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው የስራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ሶስት ሰው 144 ይሸፍናል፣ የምትተርፈውን 24 ሰዓት ደግሞ ከኤጀንሲው ተተኪ ይመጣል። በዚህ የተነሳ በየቤቱ 150 ብር ጨመረ። ስብሰባው ላይ የተባለውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ሶስት ሰዓት ተጨቃጭቀን በጭንቅ አለፈ፣ ዛሬም ድረስ በዚህ የተነሳ የማያናግሩኝ ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ አቀባበሉ።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አምስቱን ይዛ መጣች። ሶስት ጥበቃ፣ አንዲት የጽዳት ሰራተኛ፣ አንድ ቧንቧና መብራት የሚጠግን ልጅ። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ቢሮ አስቀምጣ አስረድታቸዋለች። ዩኒፎርማቸው በልካቸው ነው። እያንዳንዳቸው የስራ ውላቸው ቅጂ በእጃቸው አለ። የሙከራ ጊዜው 60 የስራ ቀን እንደሆነ፣ ለጡረታ ከደመወዛቸው 7 በመቶ እንደሚቆረጥና አሰሪው 11 በመቶ እንደሚጨምርላቸው፣ የትርፍ ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብ ያውቃሉ። አንዱ ጥበቃ፣ ከክፍለ ሀገር በቅርብ የመጣ ወጣት፣ ተያዥ አልነበረውም። በፊት ቢሆን እንዲህ ያለው ልጅ ገንዘብ ከፍሎ የማያውቀውን ሰው ነው ተያዥ የሚያደርገው። እሷ የፋይዳ መታወቂያውን አይታ፣ በፊት ይሰራበት ወደነበረው ቦታ ደውላ አጣርታ፣ የሙከራው ጊዜ እስኪያልቅ ኃላፊነቱን ኤጀንሲው እንዲወስድ አድርጋለች። ይህንንም ደብቃ አላስገባችውም፣ ለኮሚቴው በግልጽ ነግራናለች።

ከዚያ "ከላይ እንጀምር" አለችና ሁላችንንም ጣሪያ ላይ አወጣችን። ህንፃችን ጂ ፕላስ 7 ነው፣ እሷ ደግሞ በሊፍት አይደለም፣ በደረጃ ነው ያለችው። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ።

ጣሪያ ላይ የሮቶዎቹን መዝጊያ አንድ በአንድ አስነካቻቸው። ማሳየት ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ በራሱ እጅ ዘግቶ ከፈተ። ምድር ቤት ስንወርድ ፓምፑ ጋ ቆመች። "የታችኛው ታንከር ባዶ ሆኖ ይሄ ቢነሳ ምን ይሆናል?" ብላ ጠየቀች። የጥገናው ልጅ "ይቃጠላል" አለ። "እሱ ያውቃል፣ ግን እሱ ማታ የለም" አለችና ሶስቱንም ጥበቃዎች መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ከፍተው በባትሪ እንዲያዩ፣ ከዚያ ብቻ እንዲያስነሱ አለማመደቻቸው። አምና አንድ ፓምፕ እንደዚያው ተቃጥሎብን ጥበቃውን ስንረግመው ነበር የከረምነው። ማን ነግሮት ነው የሚያውቀው? ይኸው ዛሬ ነው የገባኝ።

የጽዳት ሰራተኛዋን ለብቻ ወስዳ ያነጋገረቻት ነገርም አለ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በአንድ ባልዲ አትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በተለይ መስኮት በሌለው ክፍል። ሴትየዋ ደነገጠች። ሌላ ቦታ ስትሰራ "እንዲነጣ" እየተባለ ሁለቱን ስትቀላቅል፣ ስትስልና ዓይኗ ሲያለቅስ እንደከረመች ነገረችን። እኔም ቤቴ እንደዚያ አደርግ ነበር፣ አልተናገርኩም እንጂ።

ስለ ሊፍት ያለችው አጭር ነው። መብራት ጠፍቶ ሰው ውስጥ ከቀረ በሩን በብረት አትፈልቅቁ፣ በር ላይ ሆናችሁ አናግሩት፣ ለሊፍት ቴክኒሻኑ ደውሉ። ቁጥሩን በትልቁ ጽፋ ጥበቃ ቤት ለጠፈችው።

ከሰዓት በፊት ኮሙናሉ ውስጥ ቡና ተፈላ። ነዋሪው ወረደ፣ ግማሹ ለትውውቅ፣ ግማሹ ለ150 ብሩ ሊከራከር። አምስቱን በስማቸው አስተዋወቀችና ወደኛ ዞረች። ስማቸውን ተጠቀሙ፣ "አንተ ዘበኛ" አይባልም አለች። በፈረቃው ላይ ያለ ጥበቃ ሱቅ አይላክም። መኪና ማጠብ ከፈለገ ከፈረቃው ውጭ ነው፣ ዋጋውን ከባለመኪናው ጋር ይነጋገር። አንድ ጎረቤታችን ተነሱ፣ "እኛ አይደለን እንዴ የምንከፍለው? ሲጋራ ቢገዛልኝ ምን አለበት?" አሉ። እሷም "ልክ ነዎት ጋሼ፣ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የሚከፍሉት ደግሞ በሩ እንዲጠበቅ ነው። እሱ ሲጋራ ሊገዛልዎ ሲሄድ መኪናዎን ማን ይጠብቅልዎ?" አለች። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ጋሼም ሳቁ። አሁን ሲጋራቸውን ራሳቸው ይገዛሉ፣ ባለቤታቸው እንዳሉኝ ከሆነ እንዲያውም ቀንሰዋል፣ ሱቁ ስለሚርቅ።

በዚህ ብታበቃ እንኳ አመሰግናት ነበር። በሶስተኛው ቀን ማታ 4 ሰዓት ላይ ግን ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ተኝተው ልትይዛቸው መስሎኝ ነበር። ጥበቃ ቤት ቁጭ ብላ "ምን አስቸገራችሁ?" ነው ያለችው። የጽዳት ሰራተኛዋ ጓንቷ እንደተቀደደ ለኮሚቴው መናገር ፈርታ፣ በባዶ እጇ ስትሰራ እንደሰነበተች በዚያ ሻይ ላይ ነው የሰማነው። በማግስቱ ጓንት መጣ።

በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፍቶ አንዲት እናት ከልጇ ጋር አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሃል ሊፍት ውስጥ ቀረች። ሰው ተሰብስቦ "በብረት ክፈተው!" እያለ ይጮኻል። ያ ተያዥ የሌለው ወጣት በሩ ላይ ቆሞ እምቢ አለ። ቴክኒሻኑ ጋ ደወለ፣ ከዚያ በበሩ ስንጥቅ ለህጻኑ ተረት ያወራለት ጀመር። ሃያ ደቂቃ ገደማ። እናትየዋ ስትወጣ እያለቀሰች ነበር፣ ልጁ ግን የተረቱን መጨረሻ ካልሰማሁ አልሄድም አለ።

እንከን የለም አልልም። ዋጋቸው ከሌሎቹ ይበልጣል። የአስተባባሪዋ ስልክ ሁልጊዜ ተይዟል፣ አንዳንዴ መልሳ የምትደውለው ማታ ነው። የዝናብ ልብስ ቃል የገቡት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው የደረሰው፣ ለዚህ ተቆጥቻታለሁ፣ እሷም ይቅርታ ጠይቃለች። ከሶስቱ ጥበቃዎች አንዱም ለቋል፣ ቤቱ አጠገብ ስራ አግኝቶ። ግን ከመልቀቁ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው የተነገረን፣ ተተኪውም በሰዓቱ ደረሰ። አስተባባሪዋ ይዛው ስትመጣ እንደገና ደረጃ ልትወጣ ስትል፣ ትልቁ ጥበቃችን "አንቺ ተቀመጪ ልጄ፣ እኔ አሳየዋለሁ" ብለው አዲሱን ልጅ ጣሪያ ላይ ይዘውት ወጡ። ከታች ሆኜ ድምጻቸው ይሰማኛል፣ "እስቲ በእጅህ ዝጋው... አሁን ክፈተው"። እሷ የኔን ቡና እየጠጣች ዝም ብላ ትሰማለች። ዓይኗ እንባ ያዘለ መሰለኝ፣ ወይ ደግሞ የከሰሉ ጭስ ይሆናል።

ሌላ ኤጀንሲ የምትይዙ ካላችሁ፣ ከዋጋው በፊት የሰራተኛውን ውልና የጡረታ ክፍያ ማስረጃ ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን ሰራተኛውን ይዞ የሚመጣው ማን እንደሆነም ጠይቁ። "ሚኒባስ ያደርሰዋል" ካሏችሁ እኔ የማውቀው ያ ሚኒባስ ነው።

የኛን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዛሬ ማታ ግን ቶሎ አልመልስም። ከታች ትልቁ ጥበቃችን "እትዬ ውሃ መጣ!" እያሉ እየተጣሩ ነው፣ በርሜሌን ልሙላ።